የዓይን ዝገት

እናቴ “ይሄ ዋይፋይ የምትሉት ነገር ዓይኔን እየበላው ነው” ያለችኝ ቀን ሳቅኩባት። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ሳቄ የአስተማሪ ሳቅ ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

የምንኖረው መካኒሳ አቦ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው የኮብልስቶን መንገድ ዳር፣ አራት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኔና እናቴ በሁለት ክፍል አብረን እንኖራለን። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሀና ማርያም አካባቢ ነው። የፈተና ሰሞን ተማሪዎቼን ከቤት ሆኜ በስልክ ላስጠና ብዬ ኢንተርኔት አስገባሁ። ሊገጥም የመጣው ሠራተኛ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አየና “ገመዱ የሚደርሰው እስከዚህ ነው” ብሎ ሳጥኑን ከእናቴ አልጋ ራስጌ በላይ ሰቀለው። ሳጥኑ ነጭ ነው፤ ሁለት ቀንድ የሚመስል ነገር አለው፤ አረንጓዴ መብራቶቹ ያለማቋረጥ ይርገበገባሉ። እናቴ በጎሪጥ አየችው።

በዚያው ሰሞን ከግቢያችን ማዶ ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የኔትወርክ አንቴና ተተከለ። ሰፈሩ ወዲያው መጠርጠር ጀመረ። የአንዷ ዶሮ መጣል ስታቆም፣ የሌላዋ ልጅ ሲነስረው፣ አንዱ እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ ሁሉም ቀና ብሎ ያንን ብረት ያይ ነበር። ማንም ጠይቆን አልተተከለም፤ ምን እንደሆነም የነገረን የለም። ሰው ያልነገሩትን ነገር ቢጠረጥር እንዴት ይፈረድበታል? እኔም ብሆን በሆዴ ነገሩ ደስ አላለኝም ነበር።

ከወር በኋላ ነው እናቴ ዋይፋዩ ዓይኔን እየበላው ነው ያለችው። ሳቄን ስጨርስ ፊቷን አየሁት፤ አልሳቀችም።

“ያቃጥለኛል” አለች። “ጋደም ባልኩ ቁጥር ከላይ ሆኖ የሆነ ነገር ይለቅብኛል። ነገሮች ይደበዝዙብኛል።”

“እማዬ፣ ይሄኮ እንደ ሬዲዮ ነው። ስንት ዘመን ሬዲዮ ጆሮሽ ሥር አድርገሽ ተኝተሽ የለም እንዴ?”

“ሬዲዮ ይናገራል። ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚያየኝ።”

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ተማሪዎቼን “ከመናገራችሁ በፊት ፈትኑ” እላለሁ። ስለዚህ እናቴን ሳልነግራት ልፈትናት ወሰንኩ። በመጀመሪያው ሳምንት የሳጥኑን ዋይፋይ አጠፋሁት፤ መብራቶቹ ግን እንደበሩ ናቸው። በየቀኑ “እንዴት ነሽ?” እያልኩ ጠየቅኳት። “ኧረ ብሶብኛል” አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ዋይፋዩን መልሼ ከፈትኩና መብራቶቹን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜ “አጥፍቼልሻለሁ” አልኳት። “እፎይ! ዛሬስ ዓይኔ ቀለለኝ” አለች።

የመልሱን ወረቀት ቀድሞ እንዳገኘ ተማሪ ደስ አለኝ። ሳጥኑ አይደለም ማለት ነው። እዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። ቀጥሎ ያሰብኩት ግን ስህተት ነበር፤ “ስለዚህ ምንም የለባትም፤ ሐሳብ ነው፤ እርጅና ነው፤ ብቻዋን ስለምትውል ነው” አልኩ። ሳጥኑ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ዓይኗም ጤነኛ የሆነ መሰለኝ። እንዲህ ብዬ ሁለት ወር ከምናምን ቆየሁ።

በመሃል ጎረቤታችን መጡ። በዚያው ግቢ ከእኛ ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ ድሮ መድኃኒት ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፤ ከእናቴ ጋር ሲጨዋወቱ ይውላሉ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ሁለቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እናቴ እጅ ላይ ብርቱካንማ ክኒን የሞላበት ብልቃጥ አለ።

“ምንድነው እሱ፣ እትዬ?”

“አንቲኦክሲዳንት ነው” አሉኝ፣ ቃሉን ቆርሰው ቆርሰው። “ጨረሩ ዓይንን ያዝገዋል፣ ልክ እርጥበት ብረትን እንደሚያዝገው። ይሄ ደግሞ ዝገቱን ያራግፋል። በተለይ ለዋይፋይና ለአንቴና ጨረር ተብሎ የተሠራ ነው።”

“ማን ነው ያለው?”

“የሚያከፋፍሉት ሰዎች ስብሰባ ጠርተው አስረድተውናል። በስላይድ ጭምር።”

ቃሉን አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አቮካዶ ለሁለት ቆርጬ አንዱ ላይ ሎሚ ጨምቄ አሳያለሁ። ሎሚ ያልነካው ይጠቁራል፤ የነካው አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። አካላችን ውስጥም አየር የሚያበላሸው ነገር አለ፤ የሚከላከለውም አለ፤ ዓይን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ስለሚያርፍበት የራሱ መከላከያ ተሰጥቶታል። ከጎመኑም ከካሮቱም ያገኛል። ስለዚህ እትዬ የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። የጠረጠርኩትም ለዚሁ ነው። ሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ በቀላሉ አባርራቸው ነበር።

ለእናቴ ስለ አቮካዶውና ስለ ሎሚው ላስረዳት ሞከርኩ። አዳምጣኝ ስታበቃ “ታዲያ ዓይኔ ላይ ሎሚ ልጭመቅበት ነው የምትይኝ?” አለች። እትዬ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ዓይኔን ከብልቃጡ አላነሳሁም።

በዚያ ሳምንት አንዱን ክኒን ከፍቼ ዱቄቱን አሸተትኩት፤ የደረቀ ካሮት ይሸታል። የብልቃጡን ጽሑፍ አነበብኩ፤ የተሠራበት አገር አልተጻፈም፤ የዓይን ሥዕልና በዓይኑ ዙሪያ ጋሻ ተስሎበታል። ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ጨረር ተለቆባቸው ቫይታሚን ስለተሰጣቸው አይጦች የሚያወሩ አሉ፤ ዝቅ ብዬ ሳይ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ብልቃጥ ይሸጣል። አደጋ የለውም የሚሉም አሉ፤ እነሱን ደግሞ “ማን ነው ያስጻፋቸው?” ብዬ ጠረጠርኩ። ሰባ ዓመት ስላለፋት፣ መካኒሳ ስለምትኖር፣ ራስጌዋ ሳጥን ስለተሰቀለባት ሴት የጻፈ አንድም አላገኘሁም። ስልኩን አስቀምጬ እትዬን መጠርጠር ቀጠልኩ። ስንቷ የሰፈር ሴት ከእሳቸው እንደምትቀበል፣ ለምን ለእናቴ የመጀመሪያውን ብልቃጥ በነጻ እንደሰጧት፣ ለምን እኔ በሌለሁበት ሰዓት እንደመጡ በልቤ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ።

እናቴ ግን ተሻላት። ወይም ተሻለኝ አለች። “ልጄ፣ ቦግ ብሎልኛል፤ የዛፍ ቅጠል መስመር ሳይቀር ይታየኛል” ትለኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያሟን ከፍታ ትደግማለች፤ ድምፅዋ አይደናቀፍም። እኔ ደግሞ መሻሏንም ጠረጠርኩ። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን የለቀመችውን ምስር ስበላ ጠጠር ጥርሴን አንገጫገጨው። እናቴ ምስር ለቅማ ጠጠር! በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ደግሞም ብርጭቆ የምትገፋው ሁልጊዜ በግራዋ ያለውን ነው። የበሩ ጉበን የሚመታት የግራ ትከሻዋን ነው።

አንድ ዓርብ ትምህርት ስላልነበረኝ ቤት ዋልኩ። እናቴ ደጃፍ ላይ ስትደግም ሻይ ይዤላት ወጣሁና ከጀርባዋ ቆምኩ። ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ የተከፈለ ነው፤ የሰኞ የሰኞ፣ የማክሰኞ የማክሰኞ። እሷ የዓርቡን እየደገመች ነው፤ አንዲት ቃል ሳትስት። የተከፈተው ገጽ ግን የማክሰኞው ነበር። ጣቷ በመስመሮቹ ላይ እየሄደ ነው፤ ዓይኖቿ የመጽሐፉን አቅጣጫ ይዘዋል። እያነበበች አልነበረም። በቃሏ የያዘችውን ነው የምትለው።

ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ጸሎቷን እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ከዚያ ፊቷ ተንበርክኬ ቀኝ ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩት።

“ምን ሆነሻል አንቺ?” አለች።

“ስንት ጣት ነው፣ እማዬ?”

“ተዪኝ ባክሽ።”

“ስንት ነው?”

ቆየችና “ሁለት” አለች።

ጣት አላሳየኋትም ነበር። ሌላው እጄ ጉልበቴ ላይ ነው።

መዳፌን አነሳሁ። አየችኝ፤ ፊቴ ላይ ያየችው ነገር ሁሉን ነገራት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኳት።

“ከአምናው ፋሲካ በፊት።”

“ሳጥኑ ሳይገባ?”

“ሳጥኑ ሳይገባ፣ አንቴናውም ሳይተከል። መጀመሪያ ከዳር ከዳር እንደ ጉም ነበር። ኋላ ወደ መሃል መጣ።”

“ታዲያ ለምን ሳጥኑ ነው አልሽኝ? ለምን አልነገርሽኝም?”

የተናገረችው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። “ሳጥኑ ነው ካልኩሽ ሳጥኑን ታነሺልኛለሽ። ዓይኔ ነው ካልኩሽ ግን ዓይኔን ታስቀድጂኛለሽ” አለች።

ታላቅ እህቷ አገር ቤት ሳለች ዓይኗን በቀዶ ሕክምና ተቀድዳ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ከዚያ በኋላ በሰው እጅ እየተመራች ነው የሞተችው። እናቴ ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትነግረኝ ኖራለች፤ እኔ ግን የራሷ ፍርሃት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። አፈረች እንጂ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እኔ ደግሞ ያለቀስኩት ለዓይኗ ብቻ አይደለም። ሳጥኑን አጥፍቼ አብርቼ፣ ፕላስተር ለጥፌ፣ በየቀኑ “እንዴት ነሽ?” ብዬ ጠይቄያታለሁ። አንድ ቀን እንኳን ዓይኗን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሰኞ ጠዋት ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄድን። ታክሲ ውስጥ እጄን ይዛ አልለቀቀችም። ወረፋው ላይ ሦስት ጊዜ “እንመለስ” አለችኝ። ተራችን ደርሶ የገባንበት ክፍል ያለችው ዶክተር ወጣት ነች፤ እናቴን “እማማ፣ አይፍሩ፤ ዛሬ ማንም አይነካዎትም፤ ማየት ብቻ ነው” ብላ አስቀመጠቻት። አገጯን ብረት ላይ አስደግፋ በመሣሪያው አየቻት፤ ጠብታ ጨምራ ጠብቃ እንደገና አየቻት፤ የዓይኗን ግፊት ለካች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ግላኮማ ነው። ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊቱ ይጨምርና ነርቩን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። አያምም፤ ለዚህ ነው ሰው የማያውቀው። ግራው በጣም ሄዷል። ቀኙ ተጀምሯል፤ ግን ገና ነው። ቀኙ ላይ ትንሽ ሞራም አለ፤ ለማንበብ የሚያስቸግራት እሱ ነው።”

“ግራው ይመለሳል?”

“የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ነው የምንጠብቀው።”

መጠየቅ ነበረብኝ። ስለ ሳጥኑ፣ ስለ አንቴናው ነገርኳት። አልሳቀችም፤ ስላልሳቀች አከበርኳት።

“ብዙ ሰው ይጠይቀኛል” አለች። “ስለ ጨረሩ የሚባለውን ሁሉ አላጣራሁም፤ እንዲህ ነው ብዬ ልማልልሽ አልችልም። ይህን በሽታ ያመጣል የሚል ማስረጃ ግን አላየሁም። ይሄ ደግሞ በዕድሜና በዘር የሚመጣ በሽታ ነው።”

ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አነበበችው።

“ቫይታሚን ይመስላል። ላይጎዳት ይችላል። ግፊት ግን አይቀንስም። እኔን የሚያናድደኝ ክኒኑ አይደለም፤ እሱን እየዋጡ የሚቆዩት ጊዜ ነው።” ቀጥላ “መቼ ነው የጀመራት?” አለችኝ።

ነገርኳት። ስንት ወር እንደቆየን በልቧ ስታሰላ አየሁ። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። የሚንጠባጠብ መድኃኒት አዘዘችላት፤ ጠዋትና ከሰዓት፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። ቀዶ ሕክምና ለጊዜው አያስፈልግም ስትላት እናቴ የዶክተሯን እጅ ስማ ልትወጣ ነበር፤ ዶክተሯ ናት ጎንበስ ብላ ትከሻዋን የሳመቻት።

ቤት እንደገባን እናቴን አስተኝቼ ብልቃጡን ይዤ ግቢውን ተሻገርኩ። ምን እንደምላቸው በታክሲ ስመጣ አዘጋጅቼ ነበር። እትዬ በር ላይ ቆመው ልብስ ያሰጣሉ።

“እትዬ” አልኳቸው፣ “እናቴ ግራ ዓይኗ ጠፍቷል። ግላኮማ ነው ተባለ። እርስዎ ጨረር ነው ብለው ይሄን ሲያበሏት ጊዜው አለፈ።”

እጃቸው ላይ የነበረው ቀሚስ ገመዱ ላይ ሳይደርስ ቀረ።

“ጠፋ?” አሉ። “የኔ እህት ዓይኗ ጠፋ?”

“አዎ። መድኃኒት ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው አይደሉም እንዴ? አያውቁም ልበል?”

ዞረው ወደ ውስጥ ገቡ። ሸሹ ብዬ ተከትያቸው ገባሁ። ከቁምሳጥኑ ላይ አንድ ዓይነት ብልቃጦች እያወረዱ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ሦስተኛው ተጋምሷል።

“የምሸጠው እንዳይመስልሽ” አሉኝ። “የምውጠው ነው። በቀን ሦስት። የመብራት ዙሪያ ቀለበት ቀለበት ይሠራብኛል፤ የታክሲው ታፔላ አይነበብልኝም። አንቴናው ነው ብዬ ነው። እኔስ ለእናትሽ መጥፎ አስባለሁ? እኔ የያዝኩትን ነው ያካፈልኳት።”

ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ለወራት እኚህን ሴት ሌባ አድርጌ ነበር የማያቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለወራት እንደ እናቴ እየፈሩ ብቻቸውን ክኒን ይውጣሉ።

“መድኃኒት ቤት የሠራሁት መዝገብ ቤት ነው” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ነጭ ጋዋን ስለምለብስ ሰፈሩ ሁሉ ባለሙያ ነሽ ይለኛል። እኔም አይደለሁም ብዬ አላውቅም።”

በሚቀጥለው ሳምንት እሳቸውንም ይዣቸው ሄድኩ። የእሳቸው የዓይን ሞራ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ዓይን ላይ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በተራ በተራ በቀዶ ሕክምና ተሠሩ። ፋሻው ሲነሳላቸው አጠገባቸው ነበርኩ፤ መጀመሪያ ያሉት “ይሄ ግድግዳ ሰማያዊ ነው እንዴ!” ነው። ደስ አለኝ፤ ግን አልዋሽም፣ ከደስታው ሥር ቅናት ነበረበት። የጠረጠርኳቸው ሴት ድነው የእናቴ ግራ ዓይን እንደጠፋ ቀረ። እናቴ ግን እንደኔ አይደለችም፤ እልል ብላ ነው የተቀበለቻቸው። “አሁን አንቺ ታዪልኛለሽ” አለቻቸው።

እናቴ በቀኝ ዓይኗ ታያለች። በየሦስት ወሩ እንወስዳታለን፤ ግፊቱ ባለበት ቆሟል። ስትራመድ በግራዋ በኩል እኔ እሆናለሁ። ምስር ግን መልቀም አልተወችም፤ እኔ በኋላ ደግሜ እለቅመዋለሁ፤ ታውቃለች፣ ዝም ትለኛለች።

ችግሩ የከሰዓት ጠብታው ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፤ እናቴ ለራሷ ስትጨምር ጉንጯ ላይ ነው የሚወርደው። እትዬ “እኔ አለሁ አይደል እንዴ” አሉ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት በአፌ ነው። በልቤ ግን ይረሱ ይሆን፣ ወይ ይሄ አይረባም ብለው ክኒኑን መልሰው ይሰጧት ይሆን እያልኩ እጠረጥር ነበር። ስለዚህ ማንም ሳያየኝ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ፈሳሹ በደረሰበት ልክ በእስክሪብቶ ቀጭን መስመር አሰምር ጀመር። ከትምህርት ቤት ስገባ ብርሃን ላይ አንስቼ አየዋለሁ። ቢጎድል ቅር አይለኝም፤ ባይጎድል ግን ምን እንደምል አዘጋጅቻለሁ።

እንዲህ ወር ያህል እንደሄደ አንድ ቀን ስገባ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ጠርሙሱን ለማየት ወደ ውስጥ ልገባ ስል እትዬ ቀና ሳይሉ ጠሩኝ።

“ልጄ፣ መስመርሽ ዛሬ ትንሽ ጠማማ ነው።”

ዞር አልኩ።

“አይተውታል?”

“ዓይኔ ከተሠራ ወዲህ ቀጭን ነገር ሁሉ ይታየኛል” አሉ። “አስምሪ፣ አስምሪ፤ አልከፋኝም። እኔም ልረሳ እችላለሁ።”

እናቴ በሽንኩርቱ ዓይኗ እያለቀሰ ትስቃለች። እኔ ቦርሳዬን አስቀመጥኩና ቢላ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።